የጠፋችው ንብ ቦታ

የእኛ አገር ሰው ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ አመዱን እየጠረገ «ሊብስ ይችል ነበር» ነው የሚለው። ዊስኮንሲን ውስጥ ከዚህ በላይ ያማረረ ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል። እኔ ደግሞ ነገረኛ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ቨርሊን፣ አንተ የተወለድከው አገር ተሳስተህ ነው» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ይህን ነገር እኔው ልናገረው። የወንድሜ ልጅ ኮሪን እንደሆነች ብትጠየቅም «አይከፋም ነበር» ብላ ነው የምታልፈው።

ኮሪን ሃውገን ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ለሌላው ሰው ይህ ዕድሜ የኑሮ መጀመሪያ ነው፤ በሰልፍ እየተጫወተ ለሚወዳደር የከበሮና ጥሩምባ ጓድ ልጅ ግን እርጅና ነው። ሃያ ሁለት የሞላው ሰው ሰልፍ ውስጥ አይገባም፣ ሕጉ ነው። እሷ ደግሞ እኔ በወጣትነቴ ከበሮ በመታሁበት በቀይ ፈረሰኞች ጓድ ሁለት በጋ ሙሉ ተጠባባቂ ሆና ቆይታለች። ተጠባባቂ ማለት የሰዉን ሁሉ ቦታ አጥንቶ የራሱ ቦታ የሌለው ሰው ነው። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ካለው ትገባለች፣ የታመመው ሲድን ትወጣለች። የሰው ቁርጭምጭሚት እያየች መኖር ሰልችቷታል። ይህ በጋ የመጨረሻዋ ነው፤ ወይ በራሷ ቦታ ትሰለፋለች፣ ወይ እንደ እኔ ከመኪና መስኮት ሳንድዊች እያደለች ታረጃለች።

ሰው ጓዱን የሚያየው በሐምሌ ነው፤ ስታዲየም ሞልቶ፣ ላባው ሲወዛወዝ። ነገሩ የሚሠራው ግን በረዶው ጉልበት ሲደርስ ነው። በየወሩ አንድ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ ከቴክሳስም ከኦሃዮም በመኪና ተጭነው ይመጡና በከተማችን በኤልክ ፎርድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛሉ። ጠዋት ተነሥተው ምንም ሳይመቱ፣ ምንም ሳይነፉ እግር ብቻ ሲያነሡና ሲጥሉ ይውላሉ። ጊዜ የምትቆጥረው መሣሪያ በድምፅ ማጉያ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ከበሮ መቺዎቹማ ያገኙትን ሁሉ ነው የሚመቱት፤ ትራሱን፣ ግድግዳውን፣ የሾርባዬን ክዳን። «እጃችሁን ከክዳኔ ላይ!» ስላቸው «ይቅርታ አጎት ቨርሊን» ይሉና ጠረጴዛውን ይቀጥላሉ። እኔ የመሣሪያውን መኪና እነዳለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ አበላለሁ። ማንም አልለመነኝም፤ ኮሪን ስላለች ነው።

በየዓመቱ ትርኢቱ አንድ ሐሳብ ይኖረዋል። ድሮ በእኛ ጊዜ ሐሳቡ «ቀጥ ብለህ ሂድ፣ ጠንክረህ ምታ» ነበር። አሁን ትርኢቱን አስቦ የሚያወጣ፣ ነዳፊ የሚባል ሰው አለ። የእኛው ዴቪን አሽክሮፍት ይባላል፤ ከካሊፎርኒያ ነው የመጣው፤ በዚያ ብርድ ካልሲ አያደርግም። በኅዳር ልጆቹን ሰብስቦ «በዚህ ዓመት ሰው አይደላችሁም፣ ንብ ናችሁ» አላቸው። የትርኢቱ ስም ቀፎ ሆነ፣ ቢጫና ጥቁር የደንብ ልብስ ታዘዘ። ዴቪን ልምምድ ሲያይ ሁለቱንም ጆሮውን በጎማ ይደፍናል። ምነው ብዬ ብጠይቀው ድምፅ እይታውን እንደሚረብሸው ነገረኝ። ከበሮና ጥሩምባ ጓድ ውስጥ ድምፅ የሚረብሸው ሰው፤ እንግዲህ የአሣ ሽታ የሚያስጠላው ሰው አሣ አጥማጅ አድርገን ቀጥረናል ማለት ነው።

ስለ ትልልቆቹ ከበሮዎች ትንሽ ልበል፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። አምስት ናቸው፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ አምስት ሰው በየደረቱ ተሸክሞ በጎን እየሄደ ይመታቸዋል። አንዱ ብቻውን ምንም አይደለም። አምስት ሰው ቃል በቃል ተካፍሎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገር አስቡት፤ አንደኛው የራሱን ቃል ጣል ያደርጋል፣ ሁለተኛው ይቀጥላል፣ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ሮጦ ያልቃል። ጥርት ብሎ ሲወጣ የአንድ ሰው አፍ ነው የሚመስለው። አንዱ ከቀረ መሀሉ ላይ አንድ ቃል ይጎድላል።

በመጋቢት ሦስተኛውን ከበሮ የሚመታው ልጅ ቀረ። ትሬንት ይባላል፤ አላስካ በአሣ መርከብ ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ በስልክ መልእክት ልኮ ጠፋ። ዜናው ሲነገር ኮሪን ምግብ ቤቱ በር ላይ ነበረች። ሰው በሄደበት ቀን ፈገግ ማለት ነውር ስለሆነ ፊቷን ወደ ማቀዝቀዣው አዞረች። እኔ ግን ጆሮዋ ሲቀላ አየሁት።

ይኸውና በቀይ ፈረሰኞች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ሰው ሲቀር ሰልፉ ወዲያው አይጠጋጋም። ቦታው ባዶውን ይቆያል፤ ሁሉም ሰው እንዳለበት አድርጎ ዙሪያውን ይሄዳል፤ በመሀሉ ማንም አያቋርጥም፣ ቦርሳም አይጣልበትም። ተተኪው የሚገባው እሑድ ከምሳ በፊት ነው፤ የመስመሩ ልጆች ራሳቸው የከበሮውን ማንገቻ አምጥተው ትከሻው ላይ ያደርጉለታል። የከበሮው አሠልጣኝ ጉስ ኮዋልስኪ ማስቲካ እንጂ ቃል የማያላምጥ ሰው ነው፤ ኮሪንን ጠርቶ «የሚያዝያው እሑድ» ብቻ አላት። እሷ ይህን ለእኔ ስትነግረኝ እያለቀሰች ነበር። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

የሚያዝያው ቅዳሜ ላይ ታዲያ እንግዳ መጣብን። ሚስተር ፕሬንቲስ ይባላሉ፤ ድሮ የውድድር ዳኛ ነበሩ፤ አሁን በየጓዱ እየዞሩ ምን እንደጎደለ ይናገራሉ። ኃላፊያችን ማርጆሪ ለሳቸው ብላ አዳራሹን ሁለቴ አስጠርጋለች። ኮሪን ማንገቻው በማግሥቱ ነውና ግድግዳ ተደግፋ ቆማ፣ በዱላዋ ጭኗን እየመታች የራሷን ቃል በልቧ ትል ነበር። ጓዱ ንብ ሆኖ ተሰለፈ። ከበሮዎቹ ሮጡ፤ መሀል ላይ ያቺ ጉድለት መጣች፤ አለፈች። እንግዳው እጃቸውን አነሡ።

«እንደገና።»

እንደገና ሆነ። ሚስተር ፕሬንቲስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ አቧራ መስሎኝ ነበር።

«ማን ናት የጠፋችው?» አሉ።

ዴቪን ጎማውን ከጆሮው ነቅሎ «አቤት?» አለ።

«እዚያ መሀል። አንዲት ንብ ጠፍታለች። ማን ናት?»

ዴቪን ወደ ክፍተቱ ዞረ። እምላለሁ፣ ያን ቦታ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። ጎማውን ኪሱ ከተተና «ጥያቄውም እሱ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ንዴቴን መዋጥ አለብኝ። ማርጆሪ በዝግታ ራሷን ነቀነቀች። የጥሩምባው አሠልጣኝ የንቧ መጥፋት ከጥር ጀምሮ ይሰማው እንደነበረ ተናገረ፤ ትሬንት የቀረው በመጋቢት ነው። ለእራት ሲሰለፉ ትርኢቱ ቀፎ መሆኑ ቀርቶ የጠፋችው ንብ ተብሏል። ትሬንት አላስካ ላይ የአሣ ሆድ እየዘረገፈ ነው፤ ጥበብ መሆኑን ማን ይንገረው።

ጉስ ሳህኑን ይዞ ዴቪን ፊት ለፊት ተቀመጠ። እኔ ድንቹን እያወጣሁ ሰማሁ።

«ነገ ማንገቻ የምሰጣት ልጅ አለችኝ» አለው።

«ቦታው ተይዟል» አለ ዴቪን።

«ማን ያዘው?»

«ባዶነቱ።»

ጉስ ማስቲካውን ከአፉ አውጥቶ ወረቀት ላይ አስቀመጠ፤ ሰውየው ሲናደድ የሚያደርገው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ማርጆሪ ኮሪንን ለብቻዋ አስቀርታ አስረዳቻት። ጓዱ ያለሷ እንደማይሆን፣ ተጠባባቂነትም ራሱ አገልግሎት እንደሆነ፣ ባዶው ቦታ በአንድ መልኩ የሷው ስለሆነ ደስ ሊላት እንደሚገባ ነገረቻት። ኮሪን «እሺ» አለች። ወጥታ መጥታ ሳህን ማጠብ ጀመረች። እኔ ያንን ካልሲ የማያውቅ ሰው ልናገረው ስነሣ በረጠበ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«አጎቴ፣ ተወው። ሊብስ ይችል ነበር።»

«በምን? ንገሪኝ እስቲ፣ በምን ይብሳል?»

አሰበችና «በረዶ ሊጥል ይችል ነበር» አለች። በማግሥቱ ጣለ።

በግንቦት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡና የሜዳው ልምምድ ተጀመረ። ያኔ ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት ነው፤ ፀሐይ፣ የውሃ ጀሪካን፣ የተላጠ አፍንጫ፣ ያቺው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እኔ የለውዝ ቅቤውን በመጥረጊያ ብቀባው ብዬ እስክመኝ ድረስ ዳቦ ስቀባ እውላለሁ። በዚህ መሀል ባዶነቱ አስቸገረ። አዳራሽ ውስጥ ወለሉ ላይ መስመር አለ፤ ሜዳው ላይ ግን ልጆቹ ሳያውቁት እየተጠጋጉ ክፍተቱ ጠበበ። ዴቪን ልምምዱን ከሚያይበት ማማ ላይ በማጉያ «ባዶነቱን እየበላችሁት ነው!» እያለ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ይሰማል። ቦታው ላይ ብርቱካናማ ምልክት አቆሙ፤ ምልክት አይራመድም። በመጨረሻ ዴቪን መላ አገኘ፤ ኮሪን ለልምምድ ብቻ ከበሮውን ተሸክማ እዚያ ትቁም፣ ጊዜውም እንዳይዛነፍ ቃሏን ትምታ፤ ለትርኢቱ ደግሞ ትውጣ።

ልጅቷ ያን ሁሉ ሳምንት በፀሐይ ከበሮ ተሸክማ ባዶ ቦታ ሆነች። ትከሻዋ ቆሰለ፣ ቁስሉም ደረቀ። አራተኛውን ከበሮ የሚመታው ኦዴል የሚባል ረጅም ልጅ ነው፤ ቃሉን የሚጥለው የሷን ሰምቶ ነው። አንድ ቀን መስኮቴ ጋ መጥቶ «አጎት ቨርሊን፣ ኮሪን ስትመታ እኔ ማሰብ አያስፈልገኝም» አለኝ። እኔም እያሰበ መብላት እንዳይረሳ ብዬ ሁለተኛ ሳንድዊች ሰጠሁት። አንድም ሰው፣ ልድገመው፣ አንድም ሰው እሷ ስትወጣ ምን ይሆናል ብሎ አልጠየቀም። ባዶነትን ሰው አስገብተው የሚያለማምዱ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ለከተማችን ሰው በነጻ እናሳያለን፤ የቆየ ልማድ ነው። ሰዉ ወንበሩን ይዞ መጣ፣ ቋሊማ ተጠበሰ። ኮሪን ቢጫውን ልብስ ሳትለብስ ከአጥሩ ውጭ እኔ አጠገብ ቆመች። ከበሮዎቹ መሮጥ ጀመሩ፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ከዚያ ባዶው መጣ። ኦዴል የሷን ቃል ጠበቀ። አይመጣ ነገር። ቆይቶ ደንግጦ መታ፤ አምስተኛው ከሱ በላይ ደንግጦ ቀድሞት ነበር። አንድ ሰው ሙሉ ዕቃ ተሸክሞ ደረጃ ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ነበር የተሰማው። የእኛ ሰው አጨበጨበ፤ ጨዋ ነው። ኮሪን ግን አጥሩን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ በጣቷ ብቻ ሽቦውን መታች፤ በትክክለኛው ቦታ።

ለሚስተር ፕሬንቲስ ቪዲዮ ተላከላቸው። በጓዱ ቋንቋ የተስተካከለ ነገር ንጹሕ ይባላል፣ የተዛነፈ ደግሞ ቆሻሻ። ሰውየው ደውለው «ባዶነታችሁ ቆሽሿል» አሉ።

በመኪናዬ ጥላ ሥር ስብሰባ ተቀመጡ። እኔ ከላይ በመስኮት ሆኜ ቲማቲም እከትፋለሁ። ጉስ ልጅቷን አስገቡ፣ ነገሩ አለቀ አለ። ዴቪን የጠፋች ንብ ካለች ጠፋች አይባልም አለ። ተከራከሩ፣ ተኮራረፉ። ማርጆሪ ሁለቱንም የሚያስደስት ነገር እግዜር እንዲልክላት ወደ ላይ ስታይ እኔን አየችኝና ዓይኗን መለሰች። ከዚያ ዴቪን ጉልበቱን መታ።

«ትግባ። ነጭ ትልበስ። ከበሮውን ትሸከም፣ ዱላውን ታንሣ፣ ልትመታ ትቃረብ። ግን አትምታ። ዝምታውን እሷ ትመታዋለች።»

ማርጆሪ ይህ ፍትሐዊ ነው አለች። ጉስ ኦዴል በምን ጆሮው ሊጠብቅ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ዴቪን እጇን አይቶ ይግባ አለው። ኮሪን ተጠራች፣ ተነገራት፤ «እሺ» አለች። እኔ እዚህ ላይ ቢላዬን አስቀመጥሁ። ለሰው የሚጮህ ነገር ሰጥቶ ዝም በልበት ማለት፣ ያውም በመጨረሻ ዓመቷ፤ በዕድሜዬ ብዙ ክፋት አይቻለሁ፣ እንዲህ በፈገግታ የተጠቀለለ ግን አላየሁም።

ልጅቷ መኪናው ውስጥ ገብታ የዳቦ ሳጥን ላይ ተቀመጠችና የዱላዋን እጀታ በፕላስተር መጠቅለል ጀመረች። እኔ ጮህኩ። ካሁን ጀምሮ መኪናውን እንደማልነዳ፣ ያንን ዴቪን ከነማማው እንደምገለብጠው፣ ለወንድሜ እንደምደውል ነገርኳት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አጎቴ፣ ሁለት በጋ ሙሉ ከአጥር ውጭ ነው የቆምኩት» አለች። «ውጭ ሲቆም ምን እንደሚመስል አንተ አታውቅም። አንተ ተሰልፈሃል።»

ቢላዬን አንሥቼ ወደ ቲማቲሜ ተመለስሁ።

«ስለዚህ እባክህን ለማንም ምንም እንዳትል። አንተ ዝም በል። ዝምታው የኔ ሥራ ነው።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን እስከ ውድድሩ ቀን ድረስ ሆዴ ሲነቅዝ ሰነበተ።

ውድድሩ የኢሊኖይ ድንበር አጠገብ ባለች ከተማ ነበር፤ ገና ፀሐይ ሳትገባ ተራችን ደረሰ። ዴቪን ጆሮውን ደፍኖ ወደ መቀመጫዎቹ ጫፍ ወጣ። ጉስ ከሜዳው ጠርዝ ቆመ፣ እኔ ውሃ ይዤ ከኋላው። ቢጫው ሁሉ ገባ፣ በመሀል አንዲት ነጭ። ልጆቹ ሙሉ ክረምት እግር ሲያነሡና ሲጥሉ የከረሙበት ነገር ሜዳው ላይ ሲፈስ፣ ነገረኛም ብሆን፣ አንገቴ ላይ ያለው ጸጉር ቆመ። ከበሮዎቹ መሮጥ ጀመሩ። አንደኛው ቃሉን ጣለ፣ ሁለተኛው ተቀበለ። ኮሪን ዱላዋን አነሣች።

መታችው።

መሀሉ ላይ፣ ሙሉ፣ ክብ ሆኖ ወጣ። ኦዴል ሳያስብ ተቀበላት፣ አምስተኛው ዘጋው፤ ዓረፍተ ነገሩ ከአንድ አፍ ወጥቶ አለቀ። በሁለተኛው ሩጫም መታች፣ በሦስተኛውም። ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ሃውገን ናት። እኔ ጉስን አየሁት። ጉስ ሰማዩን እያየ ማስቲካውን ያላምጣል። ወፍ የሚቆጥር ነበር የሚመስለው። እኔ ውሃውን ጫማዬ ላይ አፍስሼ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አዎ፣ አለቀስኩ፤ ምን ይጠበስ?

ትርኢቱ እንዳለቀ ዴቪን ከደረጃው እየተንደረደረ ወረደ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ሁለቱንም ጎማ ከጆሮው እየነቀለ ነው የመጣው።

«ሰማችሁት?» አለ። «ዝምታውን ሰማችሁት?»

«ሰማሁት» አለ ጉስ።

«ዛሬ ገና ጠራ። ያቺ እጅ ስትወርድና ምንም ሳይኖር! ሰዉ እኮ ትንፋሹን ነው የያዘው!»

የከበሮው ዳኛም ውጤቱን ሲሰጥ የትልልቆቹ ከበሮዎች ሩጫ ንጹሕ መሆኑን ብቻ ነበር የጻፈው። ዴቪን ይህን ለማርጆሪ ሲያነብላት «አየሽ፣ ባዶነቱን ነው የሚለው» አላት። ማርጆሪ በዝግታ ራሷን ነቀነቀች። ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆማ ስለነበር ያልሰማች አይመስለኝም፤ ግን ጓድ የሚያስተዳድር ሰው የሰማውን ሁሉ አይሰማም።

ኮሪን ከበሮዋን መኪናው ላይ ስትጭን ዴቪን አገኛትና ሁለት እጇን ያዘ።

«ስሚኝ፣ አደራሽን። በጋውን ሙሉ ልክ እንደ ዛሬው። እስከ መጨረሻዋ ምሽት አንዲት ነገር እንዳትቀይሪ። ቃል ትገቢልኛለሽ?»

ኦዴልና ሌሎቹ መቺዎች አጠገቧ ቆመው ጫማቸውን ያያሉ።

«ቃሌ ነው» አለችው።

ሄደ። ማንገቻዋን አወረደች፤ ትከሻዋ ላይ ሁለት ቀይ ሰንበር ነበር። መስኮቴ ጋ መጣች፤ ያለ ወትሮዋ ሁለት ሳንድዊች ጠየቀች። ሰጠኋት። እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋት፤ ዳቦ ዳቦውን እያየሁ።

አፏ ሞልቶ ነበርና ዋጠች።

«አይከፋም» አለች።